«ጾም ነው የተባለው»፦ ከኦፕራሲዮን በፊት ስለ ባዶ ሆድ ታሪክ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና የምትወዱ ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ነገ ኦፕራሲዮን ያለበት ሰው ካለ ግን መጀመሪያ ስኒውን ያስቀምጥና ያንብብ።

ባለፈው ወር እናቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበራት። ቀጠሮውን ለማግኘት አራት ወር ጠብቀናል። የሐሞት ጠጠር ሌሊት ሲነሳ ምን እንደሚያደርግ ቤቱ ውስጥ ያየ ያውቀዋል፤ ጎኗን ይዛ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መሬት ስትል ነው የሚነጋው። በዋዜማው አስተኟት። ራስጌዋ ላይ አንድ ወረቀት በፕላስተር ተለጠፈ፤ በፈረንጅ ፊደል «ኤን ፒ ኦ» ይላል። ነርሷ ደግሞ በቃሏ «እናት፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ጾም ነው፣ እሺ?» ብላ ሄደች። እናቴም «እሺ ልጄ» አለች። ጾምን ለእናቴ ማን ሊያስተምራት! ሁዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና አርብን ስትጾም ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍያ ልጨርስ ወደ ታች ወርጄ ስመለስ ክፍሉ አጃ አጃ ይሸታል። አክስቴ ፔርሙሷን እየከደነች ነው። «ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«አጥሚት ነው። ትንሽ ነገር ቀመስ አድርጋ ትግባ ብዬ። ባዶ ሆዷን ቢላዋ ሊገባባት!»

«ጾም ተብሏል እኮ!»

«አዎ፣ የጾም ነው» አለችኝ ኮራ ብላ። «ቅቤ አልነካሁበትም። ወተትም የለው።»

ልሳቅ ወይስ ልቆጣ ሳልወስን የሰመመን ባለሙያው መዝገቡን ይዞ ገባ። ገና ወጣት ልጅ ነው። «እናት፣ ዛሬ ምን ቀመሱ?» አላት። እናቴ ወደ አክስቴ አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ። «ምንም አልቀመስኩም ልጄ» አለች። አክስቴ ፔርሙሱን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው።

አራት ወር የጠበቅነው ቀጠሮ ነው። አንድ ሲኒ አጥሚት ናት። አፌን ብዘጋ ማንም አያውቅም። እኔም እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ አፌን ዘጋሁ። ምን እንዳደረግሁ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያቺ «ምን ቀመሱ?» የምትባል ጥያቄ ከየት እንደመጣች ልንገራችሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛ ብሎኝ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ድሮ ሰው ኦፕራሲዮን ሲደረግ ስለ ሆዱ የሚጨነቅ አልነበረም፤ ጭንቀቱ ሁሉ ስለ ሕመሙ ነበር። ዝግጅት ማለት ጉልበት ያላቸው ወንዶች፣ አልኮል ወይም ኦፒየም፣ እና እጁ የፈጠነ ሐኪም ማለት ነበር። ፋኒ በርኒ የምትባል እንግሊዛዊት ደራሲ በ1811 መስከረም ወር ፓሪስ ውስጥ ጡቷን በቀዶ ሕክምና አስወግዳለች። ቆራጩ የናፖሊዮን ሠራዊት ታላቅ ሐኪም ላሬ ነው። ለጭንቀት ጊዜ እንዳታገኝ ተብሎ የተነገራት ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ብቻ ነበር። የተሰጣት አንድ ብርጭቆ የወይን መጠጥ ነው። ፊቷ ላይ ስስ መሐረብ ጣሉባት፤ መሐረቡ ግን በጣም ከመሳሳቱ የተነሳ ቢላዋው ሲያብረቀርቅ ይታያት ነበር። ከወራት በኋላ ይህን ሁሉ ለእህቷ በደብዳቤ ጻፈችላት። ደብዳቤው ዛሬም አለ፤ ሆዳችሁ የማይችል ከሆነ አታንብቡት። ሴትዮዋ ግን ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ኖራለች። ልብ በሉ፣ ያ ሁሉ ሲሆን አልተኛችም። ያልተኛ ሰው ቢያስመልሰው ይተፋዋል እንጂ ትን አይለውም። ስለዚህ ቁርስ በላች አልበላች የሚጠይቅ ሰው አያስፈልግም ነበር።

ነገሩ የተለወጠው ጥቅምት 16 ቀን 1846 ቦስተን ውስጥ ነው። ዊሊያም ሞርተን የሚባል የጥርስ ሐኪም ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ገብቶ ጊልበርት አቦት የሚባል ወጣት ኤተር አስተነፈሰው። ወጣቱ ተኛ፤ ሐኪሙ ዋረን ከአንገቱ ላይ እባጩን ቆረጠለት፤ የጮኸ የለም። ወሬው አትላንቲክን ተሻግሮ ለንደን ለመድረስ ሁለት ወር ገደማ ፈጀበት። በቀጣዩ ዓመት በኅዳር ወር ደግሞ ኤድንብራ ላይ ጄምስ ሲምሰን የሚባል የማዋለጃ ሐኪም ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ገበታ ላይ ተቀምጦ ክሎሮፎርም በራሱ ላይ ሞከረ። ሦስቱም ጠረጴዛ ሥር ተገኙ ይባላል። (ይህን ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪ ሁሉ ይነቃል። ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ስናገር ግን ያለ ክሎሮፎርም ይተኛሉ።) ክሎሮፎርም ከኤተር ይፈጥናል፣ ሽታውም ደስ ይላል፣ ጥቂት ጠብታ በመሐረብ ላይ ይበቃዋል። በሳምንታት ውስጥ ሀገር ምድሩ ተቀበለው።

ሦስት ወር እንኳ አልሞላም። ጥር 28 ቀን 1848 በሰሜን እንግሊዝ፣ ኒውካስል አጠገብ ባለች ዊንላተን በምትባል መንደር፣ ሐና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ የእግሯን ጥፍር ልትነቀል ወንበር ላይ ተቀመጠች። በቃ፣ ጥፍር! ከዚያ በፊት የሌላውን ጣቷን ጥፍር በኤተር ተነቅላ በደህና ተነስታ ነበር። በዚህ ቀን ግን ልጅቷ ፈርታ ታለቅስ ነበር። ሐኪሙ አንድ ማንኪያ የሚያህል ክሎሮፎርም በጨርቅ ላይ አድርጎ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት። ብዙም ሳይቆይ ፊቷ ነጣ። ሐኪሙ ደንግጦ ውሃ ፊቷ ላይ ረጨ፣ አፏ ውስጥም ውሃ ጨመረላት፣ ከዚያ ብራንዲ። በደቂቃዎች ውስጥ ሞተች። በክሎሮፎርም ሥር እንደሞተ በታሪክ የተመዘገበ የመጀመሪያው ሰው ይህች ልጅ ናት።

ምን ገደላት? ክርክሩ ያን ጊዜውኑ ተነሳ። ሲምሰን መድኃኒቱን ሲከላከል ልጅቷን የገደላት ክሎሮፎርሙ ሳይሆን ራሷን ስታ ሳለ አፏ ውስጥ የተጨመረው ውሃና ብራንዲ ነው፣ በእሱ ታፍና ነው አለ። ጆን ስኖው የሚባል የለንደን ሐኪም ደግሞ አይደለም፣ መድኃኒቱ ልቧን ነው ያቆመው አለ። ዛሬ ብዙዎቹ ወደ ስኖው ያደላሉ። ለእኛ ጉዳይ ግን የሲምሰን መከራከሪያ፣ ለሐና እውነት ባይሆን እንኳ፣ አንድ ትልቅ ነገር ይዟል፤ ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የገባ ነገር በትክክለኛው መንገድ ላይወርድ ይችላል።

ነገሩን በሀገርኛ ላስረዳ። ሁላችንም እየበላን ስንስቅ ትን ብሎን ያውቃል። ምግብ የሚወርድበት ቱቦና አየር የሚገባበት ቱቦ ጉሮሮ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ በመካከላቸው እንደ ዘበኛ የሚሠራ ክዳን አለ። አንዲት ፍርፋሪ ስታመልጥ በሳል ትመልሳታለች፤ ዓይንህ እስኪያለቅስ ያስልሃል። ያ ሳል ነው ዘበኛው። ሰመመን የሚያስተኛው እኛን ብቻ አይደለም፣ ዘበኛውንም ያስተኛዋል። ጨጓራ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ቢመለስ የሚያስለው የለም፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ጨጓራ ደግሞ አሲድ አለው። ቃር ሲነሳብን ደረታችንን የሚያቃጥለው ያ ፈሳሽ ሳንባ ውስጥ ሲገባ አስቡት።

ጆን ስኖውን ታሪክ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲነሳ በሽታው ከብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ እንደሚመጣ ያሳየው ሰውዬ ነው። የዕለት ሥራው ግን ሰመመን መስጠት ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1853 ልጇን ሊዮፖልድን ስትወልድ ክሎሮፎርም የሰጣት እሱ ነው። ከሞተ በኋላ በ1858 በወጣው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሆድም ጽፏል። በጠገበ ሆድ የተሰጠ ክሎሮፎርም እንደሚያስመልስ አይቷል። ስለዚህ ከምግብ ብዙ ርቆ፣ ሰውየው እንደገና ሊርበው ሲል ያለው ሰዓት ጥሩ ነው ይላል። ግን ደግሞ ከለመደው ሰዓት በላይ አስርቦ ማቆየትም አይመከርም ባይ ነው። ሚዛን ያለው ሰው ነበር።

ከእሱ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ጆሴፍ ሊስተር፣ ያ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብ ያስለመደው ታላቅ ሐኪም፣ በ1883 ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። ክሎሮፎርም ሲሰጥ ጨጓራ ውስጥ ደረቅ ምግብ ባይኖር ይመረጣል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ግን አንድ ሲኒ ሻይ ወይም የሥጋ መረቅ መስጠት ጥሩ ነው። ደረቁ ሌላ፣ ፈሳሹ ሌላ። ይህን አስታውሱልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፤ ዓለም ሊስተርን ረስቶ መቶ ዓመት ዞሮ እዚያው ነው የተመለሰው።

ታዲያ «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም» የሚለው ጥብቅ ትእዛዝ ከየት መጣ? መልሱ ያለው የማዋለጃ ክፍል ውስጥ ነው። ከርቲስ ሜንደልሰን የሚባል ሐኪም ኒው ዮርክ ውስጥ ባለ የማዋለጃ ሆስፒታል ከ1932 እስከ 1945 የወለዱ እናቶችን መዝገብ አገላበጠ። በጠቅላላው 44,016 እናቶች ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ 66ቱ በሰመመን ሳሉ የጨጓራቸው ነገር ወደ ሳንባቸው ገብቷል። ሁለቱ ሞቱ። የሞቱት ሁለቱም ደረቅ ምግብ የአየር መተላለፊያቸውን ዘግቶባቸው ነው። ሜንደልሰን በዚህ አላበቃም። ጥንቸሎች ላይ ሙከራ አድርጎ አሲድ ያለው ፈሳሽ ብቻውን፣ ምንም ፍርፋሪ ሳይኖርበት፣ ሳንባን እንዴት እንደሚያቃጥል አሳየ። ጽሑፉ በ1946 ወጣ፤ በሽታውም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

እነዚያን ሁለት እናቶች አስባቸዋለሁ። ስማቸውን አናውቅም፤ ምናልባት ምጥ ሲጀምራቸው እናታቸው ወይም አክስታቸው «ጉልበት ይሁንሽ» ብላ ያበላቻቸው ናቸው። የትኛዋ ምጥ የያዛት ሴት ናት ያላበሏት? እኛም ሀገር ምጥ ሲጀምር አጥሚቱ፣ ተልባው ይመጣል፤ ጉልበት ስለሚያስፈልግ ስሕተትም አይደለም። አደጋው የሚመጣው ምጡ ሄዶ ሄዶ ኦፕራሲዮን ሲሆንና የተበላው ሲደበቅ ነው።

ይህን የምለው አንድ ሰው ስለጠየቀኝ ነው፤ «ድንገተኛ ከሆነስ? በልቶ አደጋ የደረሰበት ሰው ሆዱ ባዶ እስኪሆን ይሞታል እንዴ?» ብሎኛል። አይሞትም። ለዚያ ሌላ ዘዴ አላቸው። በ1961 ለንደን ውስጥ ሴሊክ የሚባል የሰመመን ሐኪም አንድ ቀላል ነገር ጻፈ። ሰውየው ሲተኛ ረዳቱ አንገቱ ላይ ካለው ቀለበት መሰል ልም አጥንት ላይ በጣቱ ጫን ይላል፤ የምግብ ቱቦው ይዘጋል፣ ወዲያው የመተንፈሻ ቱቦ ይገባል። ዛሬ ይህ መጫን ምን ያህል ይጠቅማል በሚለው ላይ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይከራከራሉ፤ አጠቃላይ አካሄዱ ግን አለ፣ ቶሎ አስተኝቶ ቶሎ ቱቦ ማስገባት። ወይም ደግሞ ጀርባ ላይ በመርፌ ከወገብ በታች ብቻ ያደነዝዛሉ፤ ሰውየው ነቅቶ ይቆያል። ስለዚህ በድንገተኛ ጊዜ «በልቻለሁ» ማለት ኦፕራሲዮኑን አያስቀርም፤ የሚያስለውጠው ዘዴውን ነው። የማያውቁትን ግን ሊዘጋጁበት አይችሉም።

ከሜንደልሰን በኋላ ነገሩ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደ። በ1960ዎቹ ብዙ ቦታ ትእዛዙ አንድ ሆነ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም ነገር በአፍ አይገባም። ምግብም፣ ሻይም፣ ውሃም። የእናቴ ራስጌ ላይ የተለጠፈው «ኤን ፒ ኦ» ማለትም እሱ ነው፤ ላቲን ነው፣ «ኒል ፐር ኦስ»፣ በአፍ ምንም። (አስቡት እስቲ፣ ሮማውያን ከጠፉ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት፣ እናቴ በላቲን ትታዘዛለች!) ትእዛዙ ለሆስፒታሉ ይመቻል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ለሁሉም ይሠራል። ግን እኩለ ሌሊት የሰውየውን ተራ አያውቅም። ጠዋት 2 ሰዓት የሚገባውም ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት የሚገባውም እኩል ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምራሉ። የመጨረሻው ተራ የደረሰው ሰው፣ ሽማግሌ ይሁን ሕፃን፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ራሱን እያዞረው፣ አንዳንዴም ከዚያ ሁሉ በኋላ «ዛሬ አልደረስንም፣ ለነገ» ተብሎ ይመለሳል። ይህን በዓይናችሁ ያያችሁ ብዙ ናችሁ።

በ1986 ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ሞልትቢ የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ ይህን ፈተኑት። አንዳንዶቹ ታካሚዎች ኦፕራሲዮን ሊገቡ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲቀራቸው 150 ሚሊ ሊትር ውሃ ጠጡ፤ የሻይ ብርጭቆ ቢሞላ ነው። ሌሎቹ ምንም አልቀመሱም። ሲተኙ ጨጓራቸው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ተለካ። ውሃ የጠጡት ሰዎች ጨጓራ ካልጠጡት የበለጠ አልያዘም፤ እንዲያውም አነሰ። ውሃ ቶሎ ያልፋል፣ ጨጓራንም እያጠበ ነው የሚያልፈው። ሌሎች ጥናቶች ተከተሉ። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በ1999 ባወጣው መመሪያ ለጤናማ ሰው የታቀደ ኦፕራሲዮን ንጹሕ ፈሳሽ እስከ ሁለት ሰዓት፣ የእናት ጡት ወተት እስከ አራት ሰዓት፣ ቀለል ያለ ምግብና የላም ወተት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ሥጋና ቅባት ከዚያም በላይ አለ። ንጹሕ ፈሳሽ የሚሉት ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የመሳሰለው ነው። ሊስተር ከመቶ ዓመት በፊት ያለው አይደል?

ይህን አንብባችሁ ግን በራሳችሁ ሥልጣን ውሃ እንዳትጠጡ! ስኳር ያለበት ሰው ጨጓራው ሊዘገይ ይችላል፤ ነፍሰ ጡርም የተለየች ናት፤ ሌላም ሌላም አለ። የእናንተን ሰዓት የሚነግራችሁ የሰመመን ባለሙያው ነው። እኔ የምለው ጠይቁት ነው። «ምግብ እስከ ስንት ሰዓት? ውሃስ እስከ ስንት ሰዓት? የደም ግፊት ኪኒኔንስ ልዋጥ?» ይህን መጠየቅ ሐኪም መድፈር አይደለም።

አሁን ወደ እኛው ቤት ልመለስ፤ የእናቴን ነገር ሳስበው የገረመኝ እዚህ ላይ ነውና። እኛ እኮ በባዶ ሆድ መዘጋጀትን ከማንም የተማርን ሕዝብ አይደለንም። ኮሶን አስታውሱ። አያቴ ሲነግሩኝ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ከዋዜማው ጀምሮ ምግቡን ያሳንሳል፣ ማለዳ በባዶ ሆዱ ይጠጣዋል፣ ሥራውን እስኪሠራ ምንም አይቀምስም፣ እንግዳም አይቀበልም። «ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ የመጣው ሰው ከደጅ ይመለሳል፤ የሚቀየምም የለም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሕዝብ በየወሩ በየሁለት ወሩ የሚያደርገው ነበር። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ1770 ጎንደር ገብቶ ይህን ዛፍ አይቶ ሥዕሉን ጭምር መጽሐፉ ውስጥ አወጣው። በኋላም ብራየር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ቁስጥንጥንያ ላይ አግኝቶት ለአውሮፓ አስተዋወቀ፤ አንዱ የሳይንስ ስሙም በእሱ ተሰየመ። የእኛ አያቶች ሲጠጡት የኖሩት ኮሶ በፈረንጅ ስም መጠራቱ ሁሌ ያበሳጨኛል፤ ግን ይህ የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው። ደግሞም አያቶቻችን መጠኑን ይፈሩት ነበር፣ ኮሶ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል።

ታዲያ ኮሶ የሚጠጣ ሰው «ለምን ባዶ ሆድ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ምክንያቱን ያውቀዋል፣ ትሉ ሲርበው መድኃኒቱ ያገኘዋል ይላል። ምክንያቱ የገባው ሰው አያጭበረብርም። እናቴ ግን ምክንያቱ አልተነገራትም። የተነገራት «ጾም» የሚል ቃል ነው። በእሷ ቋንቋ ጾም ማለት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ የለም፤ እስከ ሰዓቱ ይቆያል፤ የታመመ ሰው ደግሞ ይፈቀድለታል። አክስቴ ሕግ አልጣሰችም። በምታውቀው ሕግ መሠረት ቅቤውን አስቀርታ፣ ለታመመ ሰው የተፈቀደውን አጥሚት ይዛ መጣች። ያን ሰሞን አጠገባችን የተኙ አንድ አባት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ጸበል ይጠጡ ነበር። «ጸበል ምግብ ነው እንዴ?» አሉኝ። አይደለም፤ ግን ለሰመመን ባለሙያው ስንት ሰዓት ላይ ምን ያህል እንደጠጡ ይንገሩት አልኳቸው። ነገሩት። አልተቆጣም፣ ሰዓቱን ቆጥሮ «ምንም አይደል አባት» አላቸው።

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልውቀስ። ወረቀቱ ሲለጠፍ እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። ምን ማለት እንደሆነም በደንብ ባይሆን አውቃለሁ። በየቀኑ ለስልሳ ተማሪ የአድዋን ጦርነት መንስኤና ውጤት የማስረዳ ሰውዬ ለእናቴ አንድ ዓረፍተ ነገር አላስረዳሁም። «እማዬ፣ ሲያስተኙሽ ምግቡ ተመልሶ ትን ሊልሽ ይችላል፣ ለዚህ ነው» ማለት ነበር። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ያን ጠዋት ያ ልጅ መዝገቡ ላይ ሊጽፍ እስክሪብቶውን ሲያዘጋጅ «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አጥሚት ጠጥታለች፣ አሁን፣ ግማሽ ሰዓት አይሆነውም» አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አክስቴ «አንተ ልጅ!» አለችኝ፤ እንደ ልጅነቴ ልትቆነጥጠኝ የደረሰች ነው የመሰለኝ። እሱ ግን እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ መለሰና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እናት፣ ይህ ልጅ ዛሬ ነፍስዎን ነው ያተረፈው» አላት። ማጋነኑ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ ስለ ትንታው ራሱ አስረዳት፣ በእጁ ጉሮሮውን እያሳየ። እናቴ ሰማችው፤ እኔን ግን ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ዘጠኝ ቀን ቆይቶ አዲስ ቀጠሮ ተሰጠን። በዋዜማው ማታ ነርሷ መጥታ «ጾም ነው» ስትል እናቴ «የትኛው ጾም ልጄ? ውሃስ እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚፈቀድልኝ?» አለቻት። ነርሷ ሳቀች፤ ሄዳ ጠይቃ መጣችና «ተራዎ 3 ሰዓት ላይ ነው፣ ትንሽ ውሃ እስከ 12 ሰዓት ተኩል ይችላሉ፣ ከዚያ በኋላ ግን ጠብታ የለም» አለቻት። አክስቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ተቀምጣ አደረች። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ የያዘውን ሳህን እየከፈተች ትፈትሽ ነበር። እናቴን 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ አጠጣቻት፤ ሰዓቷን አየች፤ ብርጭቆውንም ይዛው ወጣች።

ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ጠጠሮቹን በትንሽ ዕቃ አድርገው ሰጡን፤ አምስት ናቸው፣ ትልቁ ሽምብራ ያህላል። እናቴ ለሚጠይቃት ሁሉ ታሳያለች። ማታ ላይ ሐኪሙ «አሁን ትንሽ ፈሳሽ ይቀምሱ» ሲል አክስቴ ፔርሙሷን ከነጠላዋ ሥር አወጣች። አሁንም ቅቤ አልነካችበትም።